በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ኮሌጅ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። የተማሪው ቁጥር እዚህ ዱከም ካለ ከአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይደርስም። ያለበት ቦታ ግን ያስደንቃል። ስፋቷ 44 ሄክታር ብቻ በሆነችው በቫቲካን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ፣ በአትክልቱ ሥፍራ መካከል ቆሟል። ስሙ ጳጳሳዊ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ይባላል። ጀርመኑም ፈረንሳዩም ስፔኑም ብራዚሉም በሮም ከተማ የየራሱ ኮሌጅ አለው፤ በዚያ ቅጥር ውስጥ ግን በስሙ የሚጠራ ኮሌጅ ያለው አገር የእኛ ብቻ ነው።

በአገራችን የካቶሊክ አማኝ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ አንድ እንደማይሞላ አሳይቷል። አብዛኞቻችሁም ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ዋቄፈታ ወይም ፕሮቴስታንት ናችሁ። ቢሆንም ይህ ታሪክ የአንድ ቤተ እምነት ንብረት ብቻ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ከታሪኩ ራሱ እንስማው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮሌጁ በስሙ የተመሠረተው በ1919 ነው፤ ሥሩ ግን አምስት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ መነኮሳት ከዚያ አልፈው ወደ ሮም መውረድ የጀመሩት በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት ነው። በዚያው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያንና የእንግዶች ማረፊያውን ሰጧቸው። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይሉታል። የአሁኑ ታላቅ ባዚሊካ ሲሠራ በዙሪያው የነበረ ብዙ ነገር ፈርሷል፤ ያ ቤተ ክርስቲያን ግን ተርፎ ዛሬም ይታያል። ውስጡ በግእዝ ጽሑፍ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች አሉ።

በ1511 ገደማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ሮም ውስጥ ለጆሮው እንግዳ የሆነ ዜማ ሰማ። ከዜማው መካከል የማርያምንና የሐዋርያትን ስም ለየ። ጠይቆ ሲደርስባቸው ሐበሾች ናቸው። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባለው መነኩሴ እግር ሥር ተቀምጦ ግእዝ ተማረ፤ በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ። ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ተሳስቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ በግእዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በምጽዋ፣ ማተሚያ መሣሪያ የቆመው በ1860ዎቹ ነው፤ ይህም ፊደላችን በብረት ተቀርጾ ወረቀት ላይ ካረፈ ሦስት ተኩል ምዕተ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪው ማን ነበር? አስተማሪውስ? አውሮፓዊው ተማሪ፣ ሐበሻው መምህር ነበር። ይህንን ያዙልኝ፤ ዛሬ ልናገረው የመጣሁት ዋናው ነገር ይኸው ነውና።

ከሱሉልታ የመጣችሁ፣ ጫንጮንና ሙከጡሪን አልፎ ወደ ፍቼ የሚወስደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። በዚያ መንገድ የሚደረሰው ደብረ ሊባኖስ በ1531 በጦርነት ተቃጠለ። ከገዳሙ መነኮሳት አንዱ ተስፋ ጽዮን ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ተሰዶ በ1530ዎቹ ሮም ገባ። በሻንጣው ወርቅ አልነበረም፤ የያዘው የብራና መጻሕፍት ነበር። አገሩ እየነደደች ሳለ መጻሕፍቱም አብረው እንዳይጠፉ የሰጋ ሰው ይመስለኛል። ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር ሆኖ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አዘጋጀ፤ በ1548 እና በ1549 ታትሞ ወጣ። በግብረ ሐዋርያት የጎደለባቸውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ። አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም፣ እነርሱ ደግሞ ማተም አያውቁም፤ እንደ ዕውርና ዕውር ተያይዘው እንደሠሩት ይናገራሉ። እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ገዳሙ የተቃጠለበት ስደተኛ፣ በማያውቀው ሙያ፣ በባዕድ ከተማ፣ ለገዛ አገሩ ሰው መጽሐፍ አትሞ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃል።

ተስፋ ጽዮን በሮም ሊቃውንት ዘንድ ትልቅ ስም ነበረው። ማርያኖ ቪቶሪ ከእርሱ ተምሮ በ1552 የግእዝ ሰዋስው አሳተመ፤ በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት ተስፋ ጽዮን ቲቮሊ በተባለች ከተማ ዐረፈ፤ ሬሳው ወደ ሮም መጥቶ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀበረ።

መቶ ዓመት ቆይቶ የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በዚያው ቤት ተቀምጦ ነበር። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከአገራችን ሲባረሩ ከእነርሱ ጋር የወጣ ሰው ነው። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ፈልጎት መጣ። ከሦስት ዓመት በኋላም አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ተጋብዞ ሄዶ እዚያ አስተማረው። ሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ የአማርኛ ሰዋስው፣ የኢትዮጵያ ታሪክ የጻፈው በዚያ ትምህርት ላይ ቆሞ ነው። አውሮፓ ሉዶልፍን የኢትዮጵያ ጥናት አባት ትለዋለች። እኔ ለአባ ጎርጎርዮስ ቅድሚያውን እሰጣለሁ። እርሱ ግን አገሩን ዳግመኛ አላየም፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ በ1658 መርከቡ ተሰብሮ ባሕር ቀረ።

የካቶሊክ ነገር በአገራችን ሲነሣ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደም ትዝ የማይለው የለም፤ ሊረሳም አይገባውም። ሃይማኖት በአዋጅ ሲጫን የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። እኔ የምናገርላቸው ግን አዋጅ ያላወጁ፣ በእጃቸው መጽሐፍ ብቻ የነበራቸው ሰዎች ናቸው።

ወደ አገር ቤት ልመለስ። በትግራይ አዲግራት አጠገብ ጓላ የሚባል ቦታ አለ። ሰው አቡነ ያዕቆብ ብሎ የሚጠራቸው ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ሚሲዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ በ1840ዎቹ አጋማሽ እዚያ ትንሽ ኮሌጅ ከፈቱ። ኮሌጁን ኮሌጅ ያደረገው ግን አባ ገብረ ሚካኤል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የጎጃም ዲቦ ተወላጅ፣ አንድ ዓይኑ የማያይ፣ መርጡለ ማርያምና ጎንደር የተማረ መነኩሴ ነው። በ1841 ጳጳስ ሊያመጣ ወደ ግብፅ ከተላከው ልዑክ ጋር ሄዶ ሮምንም አይቷል። ካቶሊክ ሲሆን ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ሊቅ ሆኖ መጣ እንጂ ሊቅ ሊሆን አልመጣም። በጓላ ግእዝ አስተማረ፣ ለተማሪዎቹ የሰዋስው መጽሐፍ አዘጋጀ፣ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ትምህርተ ክርስቶስ ተረጎመ። ያ ኮሌጅ ብዙ ሳይቆይ በስደት ተበተነ። አባ ገብረ ሚካኤልም በ1855 በእግር ብረት እንዳለ ሞተ። ሰባ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ1926፣ ፒዮስ 11ኛ ሮም ላይ ብፁዕ ብለው አወጁት። ስለ እምነት ክርክሩ ለመፍረድ አልተነሣሁም። አንድ ሽማግሌ ሊቅ ስለ ሕሊናው ብሎ እንዴት እንደሞተ ግን ማንም አክብሮ ሊሰማው የሚገባ ነው።

ለዚህ አካባቢ ሰው ደግሞ የማይቀር ታሪክ አለ። የካፑቺን ማኅበሩ ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ፣ በኋላ አቡነ ማስያስ የተባሉት፣ በ1866 በፈረንሳይ ማርሴይ ለኦሮሞ ወጣቶች ትንሽ ኮሌጅ ከፍተው ነበር። በማግስቱ ዓመት ፓሪስ ላይ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በላቲን አሳተሙ። በሽፋኑ ላይ ያለው ስም የእርሳቸው ነው። ግን ኦሮምኛውን የተቀበሉት ከኦሮሞ ሰዎች አፍ ነው፤ እነዚያ ባይኖሩ አንድ መስመር አይጻፍም ነበር። አቡነ ማስያስ በ1868 ወደ ሸዋ መጥተው በፊንፊኔ ቢርቢርሳ በተባለው ቦታ ተልእኮ አቋቋሙ።

እንግዲህ ወደ 1919 ደረስን። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ ያንን ባዶውን የቀረ የመነኮሳት ማረፊያ ለኢትዮጵያ ልጆች የዘርአ ክህነት ኮሌጅ አደረጉት። ተከታያቸው ፒዮስ 11ኛ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ከመሆናቸው በፊት ዕድሜያቸውን በቤተ መጻሕፍት የፈጁ ሰው ናቸው፤ በሚላኖ አምብሮዚያና፣ ከዚያም በቫቲካን። የብራና ጽሑፍ ዋጋ የገባቸው ነበሩ። የቫቲካን መንግሥት በ1929 ሲቋቋም በአትክልቱ ሥፍራ ከፍታ ላይ አዲስ ሕንፃ አሠሩ፤ ኮሌጁ እዚያ ገባ፤ በ1930ም ሕጋዊ ደንቡን በደብዳቤያቸው አጸኑለት። በዚያው ዓመት ብፁዕ አቡነ ኪዳነ ማርያም ካሣ ለኤርትራ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ጳጳስ ሆኑ።

የዚያ ዘመን ተማሪ ሕይወት ምን ይመስል ነበር? ከሰሜን የሚመጣው በምጽዋ መርከብ ይሳፈራል። ከመሀል አገር የሚነሣ መንገደኛ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲን ባቡር ይይዝና በዚህ በእኛ ሜዳ አልፎ፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን ተሻግሮ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ዓመታት ናቸው። በዚያ ጊዜ ለዕረፍት ቤተሰብ ዘንድ ደርሶ መመለስ የሚታሰብ አልነበረም፤ ደብዳቤም በመርከብ ነው የሚሄደው። አንድ ወጣት ጠዋት በግእዝ ያስቀድሳል፤ ከዚያ ወደ አንድ ጳጳሳዊ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ወርዶ ፍልስፍናውንና ነገረ መለኮቱን በላቲን ይሰማል፤ በመንገዱ የሚሰማው ጣሊያንኛ ነው፤ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በትግርኛ ወይም በአማርኛ ያወጋል። ፈተናው በቃል ነበር፤ መምህሩ ፊት ቆሞ በላቲን መመለስ። የቅኔ ቤትና የዜማ ቤት ልጅ በቃል መያዝ ስለለመደ በዚህ እንዳላፈረ እገምታለሁ። ሲመለስ የስዊስ ዘብ በሚጠብቀው በር ይገባል። ጎረቤቱ በ1931 ማርኮኒ ሠርቶ ያስረከበው የቫቲካን ሬዲዮ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ያ ኮሌጅ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ፣ ተማሪውን የላቲን ሥርዓት ተከታይ አድርጎ አለመመለሱ ነው። የራሱን የግእዝ ቅዳሴ፣ የራሱን ከበሮና ጸናጽል ይዞ እንዲቆይ ተፈቀደለት፤ እንዲያውም ግዴታው ሆነ። በዚያን ጊዜ በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል የካቶሊክ ካህን መሆን ማለት የላቲን ሥርዓት ተከታይ መሆን ነበር። የእኛዎቹ ስንቃቸውን ሳይጥሉ ሄዱ። ለምን? ከእነርሱ አስቀድሞ ተስፋ ጽዮንና አባ ጎርጎርዮስ በዚያው ግቢ የዚያን ስንቅ ዋጋ ለአውሮፓ አስተምረው ስለ ነበር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ 1935 መጣ። የፋሺስት ጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። በጣሊያን ብዙ ጳጳሳት ጦርነቱን ባረኩ፤ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር ስም ከሁሉ በፊት ይነሣል። ይህን የምናገረው ለመወንጀል አይደለም፤ ሆኗልና ነው። በሜይ 1936 ሙሶሊኒ ከፓላዞ ቬኔዚያ ሰገነት ላይ ግዛቱን ሲያውጅ፣ ከኮሌጁ እስከዚያ አደባባይ የነበረው ርቀት በእግር የሚደረስ ነው። ውጭ ከተማው በችቦና በሰልፍ ይናጣል፤ በቅጥሩ ውስጥ የግእዝ ቅዳሴ ይቀደሳል። በእነዚያው በ1935 እና በ1936 ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግሬቦና ቲሴራን የሚባሉ ሊቃውንት የኢትዮጵያን ብራናዎች አንድ በአንድ መዝግበው ዝርዝሩን አሳተሙ። ከዓመት በኋላ፣ በሜይ 1937፣ የጣሊያን እንደራሴ ግራዚያኒ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ። የራሱ ዘገባ በመጀመሪያው ቀን 297 መነኮሳት መገደላቸውን ይናገራል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች የጠቅላላውን ቁጥር ከሺህ በላይ ያደርሱታል። ይህ ሐዲስ ኪዳንን በሮም ያሳተመው ሰው የወጣበት ገዳም ነው። ሁለቱን ታሪኮች ለየብቻ ማስተማር ለእኔ ግማሽ ትምህርት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ እሳቱ ወደ ሮምም ዞረ። በኖቬምበር 1943 ቫቲካን ውስጥ አራት ቦምቦች ወደቁ፤ የሞዛይክ አውደ ጥናቱ ተመታ፣ የመንግሥት ሕንፃው መስኮቶች ረገፉ። ኮሌጁ ከዚያ ሕንፃ ጀርባ ነው። ሰላም ሲመጣ፣ በ1945፣ መጽሐፈ ቅዳሴው በግእዝ እዚያው ቫቲካን ታተመ።

ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ታሪክ ነው። ጉባኤው በ1962 ሲከፈት ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ጳጳሳት ተሰብስበው ነበር፤ ከመጀመሪያ አጀንዳዎቻቸው አንዱ ቅዳሴ በላቲን ብቻ ይሁን ወይስ በየሕዝቡ ቋንቋ የሚለው ነበር። ጉባኤው ጧት ጧት በቅዳሴ ነበር የሚከፈተው፤ አንድ ቀን ተራው የግእዝ ሆነ። የኮሌጁ ተማሪዎች እየዘመሩ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ጣሪያ ሥር ከበሮ ተመታ፣ ጸናጽል ተንሿሿ፣ እልል ተባለ። አንዳንዱ ጳጳስ ደነገጠ፤ ብዙዎቹ ግን በጉባኤው የሚከራከሩበትን ነገር በጆሮአቸው ሰሙ። አንድ ሃይማኖት በብዙ ቋንቋ ሊዜም እንደሚችል ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም። በ1963 የወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ ለየአገሩ ቋንቋ በሩን ከፈተ። ያንን በር የከፈቱት እነዚያ ተማሪዎች ናቸው አልልም፤ ሲከፈት ግን እዚያ ነበሩ፤ ድምፃቸውም ተሰምቷል።

ከዚያ ወዲህ ኮሌጁ መልኩን ለውጧል። አሁን የዘርአ ክህነት ትምህርት በአገር ቤት ይሰጣል፤ ወደ ሮም የሚሄዱት በአብዛኛው ክህነት ተቀብለው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚማሩ አባቶች ናቸው። በ2015 የኤርትራ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷን ችላ ስትቋቋም ኮሌጁ አልተከፈለም፤ የሁለቱም አገር ካህናት በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ከ1998 እስከ 2000 በድንበሩ ላይ ወንድም ከወንድም ሲተላለቅ፣ ከዚያም ሃያ ዓመት ያህል ስልክ እንኳ ሲቋረጥ፣ ያ ቤት የጋራ ሆኖ ቆየ። በጃንዋሪ 2020 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የመቶኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ የኮሌጁን ማኅበር ተቀብለው አነጋገሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ፈነዳ። ከአዲስ አበባ፣ ከአዲግራት፣ ከአስመራ የመጣ ሰው በአንድ ማዕድ መቀመጥ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እናንተ ትገምታላችሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ሁሉ ወደ ዱከም ያመጣሁት ስለ እኛ ኮሌጆች ስለማስብ ነው። በእነዚህ ከተሞች ትምህርት ቤትና ኮሌጅ በዝቷል፤ ፋብሪካውም ሠራተኛ ይፈልጋል፤ መልካም ነው። የሚያሳዝነኝ ግን መምህሩ ከፊቱ የተቀመጠውን ወጣት ምንም እንደማያውቅ አድርጎ መጀመሩ ነው። ያ ወጣት ኦሮምኛ ያውቃል፤ ገዳ ምን እንደሆነ ከአያቱ ሰምቷል፤ ወይም ዳዊት ደግሟል፤ ወይም ቁርኣን በቃሉ ይዟል፤ የጤፍ ዘር በምን አፈር እንደሚበቅል ከአባቱ ማሳ ተምሯል። እኛ ይህን ሁሉ ከበር ውጭ አስቀምጦ እንዲገባ እናደርገዋለን። ፖትከንና ሉዶልፍ ግን ምን ታውቃለህ ብለው ጠየቁ። ጠይቀውም ከበሩ።

መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ። እነዚያ ካህናት ባለፉት አሥርተ ዓመታት በሮም ስለ አገራችን ሥርዓት፣ ሕግ፣ ቋንቋና ባህል የጻፏቸው የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ተቀምጠዋል። አገር ውስጥ የሚያነባቸው ጥቂት ነው። ከካቶሊክ ሀገረ ስብከቶችና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጋር ተነጋግረን ዝርዝራቸውን ብናስመጣ፣ ከዚያም ለዚህ አካባቢ የሚነኩትን መርጠን ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ብናስተረጉም፣ የከተማው ቤተ መጻሕፍት የሚጀምርበት መደርደሪያ ያገኛል። ቋንቋ የሚያውቅ፣ ጊዜ ያለው፣ ኮምፒውተር ያለው ሰው ካለ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ቢሰጠኝ ሥራውን በዚህ ሳምንት እንጀምራለን።

 አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።